ስልሳ ፍሬ በግራ እጅ፦ የእትዬ የሕይወት ታሪክ

ዛሬ አስከሬናቸው በዚህ ቤተ ክርስቲያን ያረፈው፣ ዘመድም ጎረቤትም «እትዬ» እያለ የሚጠራቸው እኚህ እናት፣ የከበረ ድንጋይ እየሞረዱ መቁጠሪያና ቀለበት ይሠሩ ከነበሩት አባታቸው እና ልብስ ሰፊ ከነበሩት እናታቸው በመጋቢት ወር 1946 ዓ.ም. ተወለዱ። የተወለዱት ከአባታቸው ሱቅ በላይ በነበረችው አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሱቁ በዳቦ ቤትና በቁልፍ ሠሪ መካከል የተሰነቀረ ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነበር፤ ከፊት መስታወትና የበር ደወል፣ ከኋላ የውኃ ባልዲና የሥራ ጠረጴዛ ነበረው። ከዚያ ተነስቶ ቁልቁለቱን ለሚወርድ ሰው እስከዚህ ቤተ ክርስቲያን በር ድረስ ሁለት መቶ እርምጃ አይሞላም። እትዬ ሰባ ዓመት የኖሩት በእነዚህ ሁለት መቶ እርምጃዎች ውስጥ ነው።

ስድስት ዓመት ሲሞላቸው የዚህ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን፣ የቁምስናችን ትምህርት ቤት ገቡ። እትዬ ሥራ የሚሆንላቸው በግራ እጃቸው ነበር። አባታቸው ይህንን እንደ ነውር ያዩት ስለነበር የመጀመሪያውን የትምህርት ዓመት ሙሉ ግራ እጃቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ይልኳቸው ነበር። መምህራቸውም ጨርቁን ፈትተውላቸው አያውቁም። በዚህ ሁኔታ በቀኝ እጅ መጻፍ ተማሩ፤ የእጅ ጽሑፋቸውም እስከ መጨረሻው ድረስ እንደ ሕፃን ጽሑፍ እየተንጋደደ ቀረ። ሰው ሲያሾፍባቸው ጽሕፈቱ የአባቴ ነው፣ ሥራው ግን የእኔ ነው ብለው ይመልሱ ነበር።

በ1960 ዓ.ም. እናታቸው በድንገተኛ ሕመም ሲያርፉ እትዬ የአሥራ አራት ዓመት፣ ታናሽ ወንድማቸው ደግሞ የአራት ዓመት ልጅ ነበሩ። እትዬ ስምንተኛ ክፍልን ሳይጨርሱ ትምህርታቸውን አቋርጠው ለልጁ እናት ሆኑ። አዝለው አሳደጉት፤ ፊደል አስቆጠሩት፤ ለመጀመሪያው ቁርባኑ የለበሰውን ነጭ ልብስ ከሟች እናታቸው የመስኮት መጋረጃ ቀደው ሰፉለት። «እትዬ» የሚለውንም ስም ያወጣላቸው እሱ ነው፤ ሠፈሩ ከእሱ አፍ ተቀብሎ ነው የእትዬን የክርስትና ስም የረሳው።

በዚያው ዓመት አባታቸው የሚያግዛቸው ሰው በማጣታቸው እትዬን ወደ ኋላ ክፍል አስገቧቸው። ለጊዜው ነው ተባለ። ለጊዜው የተባለው አርባ ዘጠኝ ዓመት ቆየ።

መቁጠሪያ በክር ብቻ የሚሰካ የሚመስለን ብዙዎች ነን። በዚያ ቤት ግን እያንዳንዱ ፍሬ በራሱ አጭር የብር ሽቦ ላይ ይሰካል፤ የሽቦው ጫፎች በጉጠት ታጥፈው ዐይን ይሆናሉ፤ ትርፉ ሽቦ በዐይኑ አንገት ላይ ሦስት ጊዜ ይጠመዘዛል። ሰው ሁሉ ሽቦ የሚያጠብቀው ወደ ቀኝ ነው። የእትዬ እጅ ግን ያጠብቅ የነበረው ወደ ግራ ነው። አባታቸው መጀመሪያ ላይ ይቆጡ ነበር፤ በኋላ አንዱን መቁጠሪያ በሁለት እጃቸው ይዘው ቢጎትቱት ቢጎትቱት አልላላ ሲላቸው ወደ ቦታው መልሰው ዝም አሉ። ከእሳቸው አፍ ምስጋና ወጥቶ ስለማያውቅ እትዬ ያንን ዝምታ እንደ ምስጋና ቆጠሩት። ሆኖም ደንበኛ በግራ የምትሠራ ሴት እንዳያይ ተብሎ ጠረጴዛቸው ከኋላ ክፍል፣ ከዳቦ ቤቱ ግድግዳ ሥር ሆነ። ክረምት ከበጋ ጀርባቸው የሚሞቀው በዳቦ ቤቱ ምድጃ ነበር፤ ከሱቁ ያገኘሁት ድርሻ ይህ ሙቀት ነው፣ እሱም የጎረቤት ነው ይሉ ነበር።

በ1970 ዓ.ም. የከተማ አውቶቡስ ሾፌር ከነበሩት ባለቤታቸው ጋር በዚሁ ቤተ ክርስቲያን ጋብቻቸውን ፈጸሙ። በ1973 ዓ.ም. አንዲት ሴት ልጅ ወለዱ። ባለቤታቸው ተጫዋች ሰው ነበሩ፤ ሚስቴ ለቅዱሳን ሁሉ ጌጥ ትሠራለች፣ የእኔ ሸሚዝ ግን አንድ ቁልፍ ከጎደለው ዓመቱ ነው እያሉ በተሳፋሪው ፊት ያሟቸው ነበር። ትዳራቸው የሰመረ ነበር።

በ1977 ዓ.ም. አባታቸው ሲያርፉ ሱቁ ለወንድማቸው ተላለፈ። ወንድማቸው ሙያውን ያውቁታል፤ ነገር ግን ከጉጠት ይልቅ ምላስ የሚቀናቸው ሰው ስለነበሩ የፊቱን ክፍል ያዙ። እትዬ ከኋላ ቀሩ። ደንበኛ ሥራውን ሲያደንቅ ወንድማቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው ጎንበስ ይላሉ። እትዬ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነው ይሰማሉ። ይህ በመካከላቸው ቅሬታ አልፈጠረም፤ እትዬ ያሳደጉት ልጅ ሲመሰገን የተመሰገኑት እሳቸው ይመስላቸው ነበር።

በ1988 ዓ.ም. የቁምስናችን ምክር ቤት፣ የቤተ ክርስቲያናችን ጠባቂ ለሆነው ለቅዱስ ዮሴፍ፣ በሃምሳኛው ዓመት ኢዮቤልዩ በሐውልቱ እጅ ላይ የሚንጠለጠል መቁጠሪያ እንዲሠራ ትእዛዝ ሰጠ። የቅዱስ ዮሴፍ መቁጠሪያ ከተለመደው ይለያል። ስልሳ ፍሬ አለው፤ ስልሳው በአሥራ አምስት ይከፈላል፤ በእያንዳንዱ ክፍል አንድ ነጭና ሦስት ሐምራዊ ፍሬ ይገባል። ነጩ የንጽሕናው፣ ሐምራዊው የመንፈሳዊነቱ ምልክት ነው። ስለዚህ አርባ አምስት ሐምራዊ ፍሬ ያስፈልጋል ማለት ነው፤ አሜቴስጢኖስ የሚባለው ሐምራዊ ድንጋይ ደግሞ አንዱ ከአንዱ አይመሳሰልም። እትዬ ከመቶ ሰማንያ በላይ ድንጋይ ሞርደው አርባ አምስቱን መረጡ። የሚመርጡት ጠዋት ሦስት ሰዓት ላይ፣ ብርሃን በኋላው መስኮት በሚገባበት ግማሽ ሰዓት ውስጥ ብቻ ነበር፤ ከዚያ ውጪ ዐይን ይሸነግላል ይሉ ነበር። እያንዳንዱን ፍሬ ከሁለት ወገን ቀዳዳው መሐል ላይ እስኪገናኝ ድረስ ራሳቸው ሰረሰሩት። ሲሰረስሩ ውኃ ያንጠባጥቡበታል፤ ሲያለሰልሱ ግን በደረቁ ነበር፤ አቧራው ጠረጴዛውን፣ ቅንድባቸውንና የውኃ ብርጭቆውን ያለብስ ነበር። ሥራው አሥራ አራት ወር ፈጀ። ሲያልቅ በቤቱ ልማድ መሠረት፣ ከእጃቸው ከመውጣቱ በፊት አንድ ጊዜ ከመጀመሪያው ፍሬ እስከ መጨረሻው ጸለዩበት። ለማን እንደጸለዩ ተጠይቀው፣ ለወንድሜ ነው ብለዋል።

በ1989 ዓ.ም. በመጋቢት ወር፣ በበዓሉ ዕለት፣ ጳጳሱ መቁጠሪያውን ከፍ አድርገው ለምእመናኑ አሳዩ። የሠራው እጅ የተባረከ ይሁን፣ ማን ነው የሠራው ብለው ጠየቁ። ወንድማቸው በመጀመሪያው ረድፍ በአዲስ ሙሉ ልብስ ተቀምጠው ነበርና ተነስተው፣ «እኔ ነኝ፣ ብፁዕ አባታችን» አሉ። እትዬ ከዓምዱ ጀርባ፣ እንቅልፍ የወሰደውን የወንድማቸውን ሕፃን ታቅፈው ነበር። ሕዝቡ አጨበጨበ። እትዬ እጃቸው ስላልተፈታ አላጨበጨቡም።

ያን ዕለት ከግብዣው በኋላ ወንድማቸው ከአፌ አምልጦኝ ነው፣ አስተካክለዋለሁ ብለው ነበር። በሁለተኛው ወር ከሐውልቱ ሥር የሠሪውን ስም የያዘ የነሐስ ሰሌዳ ተተከለ፤ ሁላችሁም እንደምታውቁት ሰሌዳው ላይ የወንድማቸው ስም ነው ያለው። እትዬ ጠየቋቸው። ሥራው የአባታችን ቤት ሥራ ነው፣ የእኔና የአንቺ ብሎ ነገር የለም አሉ። በሌላ ጊዜ ደግመው ሲጠይቋቸው እኔና አንቺን ምን ለየን አሉ። በሦስተኛው ጊዜ ደንበኛ ቆሟል አሉና ወደ ፊት ክፍል ሄዱ።

የእትዬ ባለቤት ነገሩ እንደ እሳት ያንገበግባቸው ነበር። ሄጄ ለጳጳሱ እናገራለሁ ብለው ዩኒፎርማቸውን እንደለበሱ ሁለት ጊዜ ከቤት ወጥተዋል። ሁለቱንም ጊዜ እትዬ በሩ ላይ ይዘው መልሰዋቸዋል። የፈለጉት እንዲታወቅላቸው ብቻ አልነበረም። «ራሱ ይበለው» አሉ። «እኔ ያስተማርኩት አፍ ነው፤ ሌላ ሰው ቢልልኝ ምን ይረባኛል?» ከዚያን ቀን ጀምሮ እትዬ ከዚህ ዓለም የሚጠብቁት ነገር አንድ ብቻ ሆነ፦ ወንድማቸው እዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ቆመው፣ እኔ አይደለሁም፣ የሠራችው እሷ ናት እንዲሉ።

ለዚህ አንድ አጋጣሚ መጥቶ ነበር። በ1996 ዓ.ም. ለዓመቱ በዓል ቤተ ክርስቲያኑ ሲጸዳ የአንዲት እናት መወልወያ ጨርቅ መቁጠሪያው ላይ ተጠምጥሞ አንዱን ዐይን ከፈተው። የቁምስናው አለቃ ቆሞሱ፣ የምክር ቤቱ አባላትና አንድ ሽማግሌ አንጥረኛ በቦታው ነበሩ። ወንድማቸው ተጠርተው መጡ። ሱቅ መውሰድ አያስፈልግም፣ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው አሉና ጉጠታቸውን አውጥተው የተከፈተውን ዐይን ዘጉ። እግረ መንገዳቸውንም የላላ ካለ ብለው የሌሎቹን ፍሬዎች ጥምዝ አንድ በአንድ ወደ ቀኝ ማጥበቅ ጀመሩ። በዚያ መቁጠሪያ ላይ ወደ ቀኝ ማዞር ማጥበቅ ሳይሆን መፍታት ነው። ሃያ ሁለት ፍሬ አጥብቀው ሲጨርሱ መቁጠሪያውን ለሰዉ ለማሳየት ከፍ አደረጉት፤ ያጠበቁት ሁሉ እየተዘረገፈ ድንጋዩ ወለል ላይ ተበተነ።

ሽማግሌው አንጥረኛ አንዱን ፍሬ ከእግራቸው ሥር አንስተው ወደ መስኮቱ አዞሩት። «ጌታው፣ ይሄ እኮ በግራ የተጠመዘዘ ነው» አሉ። «ሰው የገዛ ሥራውን አቅጣጫ ይረሳል እንዴ?»

ቆሞሱ እትዬን አስጠሩ። እትዬ ሽርጣቸውን እንደታጠቁ መጡ፤ ተንበርክከው ከየአግዳሚው ሥር ሃያ ሁለቱን ፍሬ ለቀሙ፤ የመጀመሪያው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው እንደገና ጠመዘዟቸው። ከሁለት ሰዓት በላይ ወሰደባቸው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ከቦታው የሄደ ሰው አልነበረም፤ ሁሉም የግራ እጃቸውን ያይ ነበር። ሲጨርሱ መቁጠሪያውን ይዘው ተነሱና ወንድማቸውን ተመለከቱ። ቆመው ጠበቁ። በሕይወታቸው ያን ያህል ቆመው የጠበቁት ሰው የለም። ወንድማቸውም ላባቸውን ጠርገው፣ «እግዜር ይስጥሽ፣ እትዬ» አሉ። «ሁሌም እንዳገዝሽኝ ነው።»

ከዚያ ቀን በኋላ የማያውቅ ሰው አልነበረም። በየቤቱ ተወራ፤ በዳቦ ቤቱ ተወራ፤ በአውቶቡስ ተወራ። ሰሌዳው ግን ከነበረበት አልተነሳም። በዚያን ጊዜ የነበሩት ቆሞስ እትዬን በሩ ላይ አግኝተው፣ ሰሌዳው አንዴ ተባርኳል፣ ምእመናኑን እንዳናውክ በሰላም ብናልፈው ይሻላል፣ እግዚአብሔር የሠራውን ያውቃል ብለው አጽናኗቸው። እትዬም እግዚአብሔርማ ያውቃል፣ አባ፣ ያላወቀው ሰሌዳው ነው ብለው ወደ ጠረጴዛቸው ተመለሱ። በማግሥቱ ወደ ሥራ ለምን እንደሄዱ ልጃቸው ስትጠይቃቸው፣ የጀመርኩት አለ ነበር መልሳቸው።

ባለቤታቸው በ2004 ዓ.ም. ከዚህ ዓለም በሞት ተለዩ። እትዬ ግን ከዚያ በኋላ አምስት ዓመት ሠርተው፣ በ2009 ዓ.ም. ደረጃ መውጣት ሲያቅታቸውና ሳሉ ጉጠት አላስይዝ ሲላቸው ከሥራ አረፉ። ወንድማቸው ሱቁን ዘግተው አከራዩት። በዚያ ጠረጴዛ ምን ያህል መቁጠሪያ እንደተሠራ የሚያውቅ የለም፤ እኛ የምናውቀው ዛሬ እዚህ ከተሰበሰብነው ብዙዎቻችን ኪስ ውስጥ አንድ አንድ እንዳለ ነው።

ሕመማቸው የሳንባ ነው። ሐኪሙ የራጅ ፎቶውን ካዩ በኋላ ይህ በድንጋይ አቧራ የሚመጣ ነው፣ እንዲህ ያለ ሳንባ የማየው ድንጋይ በሚፈለጥበት ካባ ውስጥ በሚሠሩ ሰዎች ላይ ነው አሉ። ከዚያም የሕክምና ካርዳቸውን አገላብጠው ግራ ተጋቡ። ካርዱ ላይ «ሥራ» በሚለው ፊት ለፊት «የቤት እመቤት» ተብሎ ተሞልቶ ነበር። ልጃቸው እስክሪብቶ ለምና ሰርዛ፣ መቁጠሪያ ሠሪ ብላ ጻፈች። እትዬ በስማቸው ትይዩ ሙያቸውን ተጽፎ ያዩት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ቅዱስ ዮሴፍ የመልካም ሞት ጠባቂ ነውና ወደ እሱ ይጸልዩ ያሏቸውንም ጠያቂ፣ መልካሙ ሞት ይቆየኝ፣ ለጊዜው መልካም ትንፋሽ ይለምንልኝ ብለው አስቀዋቸዋል።

በ2016 ዓ.ም. የካቲት ወር ላይ ሕመሙ ጸንቶ ሆስፒታል ገቡ። ወንድማቸው ሁለት ጊዜ ከሌሎች ጠያቂዎች ጋር መጥተው ስለ አየሩ አውርተው ሄዱ። በሦስተኛው ብቻቸውን መጡ። ልጃቸው በመስኮቱ በኩል አንሶላ እያጠፈች ነበር። ወንድማቸው ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ ሲያሽከረክሩ ቆይተው፣ «እትዬ፣ ያንን መቁጠሪያ የሠራሽው አንቺ ነሽ። አውቃለሁ» አሏቸው።

እትዬ የአየር መስጫውን ከአፋቸው አነሱት።

«ለእኔ ምን ትነግረኛለህ፣ ልጄ? እኔማ ስሠራው ነበርኩ። እዚያ ሄደህ በለው። እሑድ አለ።»

ወንድማቸው ስትድኚ አብረን ሄደን እላለሁ አሉ። እትዬ የአየር መስጫውን መልሰው አደረጉት።

ከዚያ በኋላ ሦስት እሑዶች ነበሩ። በየእሑዱ ከቅዳሴ የሚመጣውን ጠያቂ ሁሉ እትዬ ዛሬ ምን ተባለ ይሉት ነበር። ጠያቂው ስለ ስብከቱ የጠየቁት እየመሰለው ወንጌሉን፣ ትርጓሜውን፣ ማስታወቂያውን ሳይቀር ይነግራቸዋል። እትዬ ሳያቋርጡ እስከ መጨረሻው ይሰሙና «ሌላስ?» ይላሉ። ሌላ የለም ሲባሉ ዐይናቸውን ይጨፍናሉ። ወንድማቸው በሦስቱም እሑድ በቅዳሴው ላይ በመጀመሪያው ረድፍ፣ በተለመደው ቦታቸው ነበሩ።

እትዬ በመጋቢት 16 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ሰኞ ጠዋት፣ በተወለዱ በሰባ ዓመታቸው ዐረፉ።

እትዬ የአንዲት ሴት ልጅ እናትና የሁለት የልጅ ልጆች አያት ነበሩ፤ እንደ ልጃቸው ያሳደጉት አንድ ወንድምና የወንድማቸው ሦስት ልጆችም ከኋላቸው ቀርተዋል። በሕመማቸው ወቅት ሳይሰለቹ ላስታመሟቸው ነርሶች፣ ወንበር አምጥተው በሩ ላይ ለተቀመጡት ጎረቤቶች፣ ይህ ጽሑፍ ሳይቀነስ እንዲነበብ ለፈቀዱት ለአሁኑ ቆሞሳችን ቤተሰቡ ምስጋናውን ያቀርባል። ቆሞሳችን ሰሌዳውን ስለመቀየር በምክር ቤት እንመካከርበታለን ብለውናል።

ይህንን የሕይወት ታሪክ እንዲያነቡልን የለመንነው ወንድማቸውን ነበር። ወረቀቱን ወስደው አንድ ቀን አሳድረው፣ ጉሮሮዬን አሞኛል ብለው መለሱልን። ስለዚህ በእሳቸው ፈንታ፣ በዚህ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ፣ እሳቸውም እናንተም እየሰማችሁ እንናገራለን፦ በቅዱስ ዮሴፍ እጅ ላይ ያለውን መቁጠሪያ፣ ስልሳውንም ፍሬ፣ መርጠው፣ ሞርደው፣ ሰርስረው፣ ጠምዝዘው የሠሩት እትዬ ናቸው። ሌላ ሰው የለበትም።

እትዬ ይህንን ቃል የፈለጉት ከእኛ አፍ አልነበረም። የፈለጉትን ሳይሰሙ ሄደዋል።

የሠራተኞች ጠባቂ ቅዱስ ዮሴፍ ከደጁ ወጥቶ ይቀበላቸው። እግዚአብሔር ነፍሳቸውን በዕረፍት ቦታ፣ በፊተኛው ክፍል ያስቀምጥልን። እያወቅን ሃያ ዓመት ዝም ላልነው ለእኛም ይቅርታውን ያድለን። አሜን።